የልብ አንጓ ልክ፦ የወፍራም ድመት ልብ በምን ይለካል?

ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የታወቀ ነው። ስለዚህ የደረት ራጅ ለሰፈሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሰው ራጅ ላይ የልብ ጥላ ከደረት ስፋት ግማሽ ከበለጠ፣ ሐኪሙ ልብ ሰፍቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። የእንስሳት ሐኪሞች ለድመት የሚጠቀሙበት መለኪያ ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ቨርተብራል ኸርት ስኮር ይሉታል፤ እኔ «የልብ አንጓ ልክ» ብዬዋለሁ። በድመቷ በራሷ የአከርካሪ አንጓ የተለካ የልብ መጠን ማለት ነው።

ድመቷ በጎኗ ተኝታ ራጅ ትነሳለች። ዋናው የአየር ቧንቧ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ እስከ ልቧ ጫፍ ያለው ርዝመት ይወሰዳል፤ ከዚያም ይህን መስመር ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው፣ ልብ በጣም የሰፋበት ወርድ ይለካል። ሁለቱም ከ4ኛው የደረት አንጓ መነሻ አንስቶ ወደ ኋላ በአከርካሪው ላይ ይዘረጋሉ። ስንት ስንት አንጓ እንደሸፈኑ ይቆጠርና ይደመራል። ዘዴውን በ1995 እ.ኤ.አ. ቡካናንና ቡኼለር ለውሻ አቀረቡት፤ በ2000 ደግሞ ሊትስተርና ቡካናን የድመትን ልክ አወጡ። የጤነኛ ድመት አማካይ 7.5 አንጓ ነው፤ ከ8 በላይ ሲሆን የልብ መስፋት ያጠራጥራል። ድመቷ ትልቅ ትሁን ትንሽ በገዛ አጥንቷ ስለምትለካ ዘዴው ፍትሐዊ ነው።

ችግሩ ያለው ስብ ላይ ነው። ከተኮላሸች በኋላ ከቤት ሳትወጣ ትርፍራፊ እየበላች የወፈረች ድመት፣ ስቡ ከሆዷ አልፎ በልቧ ከረጢት ዙሪያም ይከማቻል። ስብ በራጅ ላይ ከጡንቻ በጥቂቱ ይጠቁራል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ከልብ ጥላ ጋር ተዋህዶ ይታያል። ያን ጊዜ ጤነኛው ልብ የሰፋ ይመስላል።

ተቃራኒውም አለ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። በድመት ላይ በብዛት የሚታየው የልብ በሽታ የልብ ጡንቻ መወፈር ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ስለሚወፍር የውጭው ጥላ ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ይህን የሚለየው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ልብ ዘና ባለበት ቅጽበት የግራው የታችኛ ክፍል ግድግዳ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ይጠረጠራል፤ የደም ግፊትና የታይሮይድ ሕመምም ግድግዳውን ሊያወፍሩት ስለሚችሉ እነሱም ይመረመራሉ። ስለዚህ በወፍራም ድመት ላይ የአንጓ ልክ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም።

ድመት ያላችሁ፣ እንቅልፍ ላይ ሳለች ትንፋሿን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። በተደጋጋሚ ከ30 ከበለጠ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ አትዘግዩ። ለማክሳት ብላችሁም ምግብ በአንድ ጊዜ አትከልክሏት፤ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች።