የማርሽ መያዝ (ለዓመታት በቆመ ቮልስ)

ሳይነዳ የከረመ መኪና ሲነሣ ማርሽ አልገባ የሚልበት ብልሽት። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በተመረተው ቮልስዋገን ቢትል፣ በእኛ አጠራር ቮልስ፣ ወቀሳው ካምቢዮው ላይ ይውረድ እንጂ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮኑ ነው፤ እርጥበት ሸራውን ከቮላኖው ጋር በዝገት ያጣብቀዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ያለችግር እየገባ፣ ሞተሩ ሲሠራ ግን ፔዳሉ ተረግጦም ከተንጫጫ፣ ካምቢዮውን ለመፍታት መቸኮል አያስፈልግም።

አስቀድሞ የፔዳሉ ገመድ መላላቱ ወይም መበጠሱ ይታያል፤ ቮልስ ፍሪሲዮኑን የሚስበው በገመድ ነውና። ገመዱ ደኅና ከሆነ፣ ሰው በሌለበት ገላጣ ሜዳ ሞተሩን አሙቆ ማጥፋት፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን እንደረገጡ በሞተሪኖ ማስነሣት፣ ከዚያም ነዳጅ ሰጥቶ ነዳጁን ድንገት መልቀቅ ሸራውን ሊያላቅቀው ይችላል። መኪናው ወዲያው ስለሚንቀሳቀስ ፍሬኑ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት፤ የከረመ መኪና ፍሬንም አይታመንም። እምቢ ካለ ሞተሩ ይወርዳል። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ስለሆነ ሥራው የሚያስፈራውን ያህል አይደለም።

ሞተሩ ጠፍቶም እጀታው ካልተነቃነቀ፣ በወለሉ መካከል የሚያልፈው የማርሽ ዘንግ ይጠረጠራል፤ መጋጠሚያው ከኋላ መቀመጫ ሥር ባለችው ትንሽ ክዳን በኩል ይገኛል።