የእርሻ ሠራተኛውና የማያዝበት ጎጆ

በእንግሊዝ ገጠር የቤት ታሪክ ከመሬት ታሪክ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አብዛኛው የእርሻ ሠራተኛ የሚያርሰው መሬትም ሆነ የሚያድርበት ጎጆ የሌላ ሰው ንብረት ነበርና። ከእነዚህ ጎጆዎች ብዙዎቹ “ከሥራ ጋር የታሰሩ” ነበሩ፤ ይኸውም ባለእርሻው ለቀጠረው ሰው የሚሰጣቸውና ቅጥሩ ሲቋረጥ የሚያስለቅቃቸው ስለነበሩ፣ ከሥራ የተባረረ ሰው ከነቤተሰቡ መጠለያውንም ያጣ ነበር።

የጎጆ እጥረቱን ካባባሱት ነገሮች ዋነኛው የድሆች ሕግ ነው። በዚህ ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ችግረኞች ከነዋሪው በሚሰበሰብ ግብር መደጎም ስለነበረበት፣ መሬቱ በአንድ ወይም በሁለት ባለርስቶች እጅ በተጠቃለለባቸው “ዝግ አጥቢያዎች” ጌቶቹ ጎጆዎችን እያፈረሱና አዲስ እንዳይሠራ እየከለከሉ ድሃውን ከግብር ክልላቸው ያርቁ ነበር። የተገፋውም ሠራተኛ መሬቱ በብዙ ትናንሽ ባለይዞታዎች በተከፋፈለበት “ክፍት አጥቢያ” ጠባብ ክፍል በውድ ተከራይቶ፣ ማለዳ ማለዳ ረጅም መንገድ በእግሩ እየተጓዘ የእነዚያኑ ጌቶች ማሳ ያርስ ነበር፤ ጉልበቱ ተፈልጎ ሰውየው ያልተፈለገበት ይህ አሠራር ሕጋዊ መሆኑ በደሉን አያቀልለውም። ዶክተር ሄንሪ ጁሊያን ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1864 ለመንግሥት ባካሄዱት ጥናት ከታዩት 5,375 የሠራተኛ ጎጆዎች መካከል 2,195ቱ አንድ መኝታ ክፍል ብቻ፣ 2,930ዎቹ ሁለት ብቻ የነበሯቸው ሲሆን፣ ከሁለት በላይ የነበሯቸው 250 ብቻ ነበሩ። በ1865 የወጣው ሕግ የድጎማውን ሸክም ለተጣመሩ አጥቢያዎች የጋራ በማድረጉ ለማፍረስ የሚገፋፋው ምክንያት ቢቀርም፣ የፈረሰው ጎጆ በዚያው አልተተካም።

በ1872 የእርሻ ሠራተኞችን ብሔራዊ ማኅበር የመሠረተው ጆሴፍ አርች የዋሪክሻየር ሰው፣ በቁጥቋጦ አጥር ከርካሚነቱ የታወቀ ባለሙያና የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር። ባርፎርድ በተባለው መንደሩ የሚኖርበት ጎጆ ከቤተሰቡ የወረሰው የራሱ ንብረት ስለነበር፣ በዌልስቦርን መንደር ለተሰበሰቡት ሠራተኞች ስለ ደመወዝ በአደባባይ ሲናገር ከቤቱ ሊያስወጣው የሚችል ጌታ አልነበረም፤ ከአድማጮቹ አብዛኞቹ ግን ይህ ዋስትና አልነበራቸውም።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። የ1919ኙ ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች በመንግሥት ድጎማ የኪራይ ቤቶችን እንዲሠሩ አደረገ፤ ከሥራ ጋር በታሰረ ቤት ለሚኖረው የእርሻ ሠራተኛ ግን እውነተኛ የመኖሪያ ዋስትና የተሰጠው ገና በ1976 ነው። በሌላ በኩል የ1947ቱ የፕላን ሕግ ሜዳውን ከግንባታ ሲጠብቅ ለመንደሮች መስፋፋት ልጓም አበጀ፤ በ1980 ደግሞ የምክር ቤት ተከራዮች ቤታቸውን በቅናሽ የመግዛት መብት ሲያገኙ፣ ያ ትውልድ ከጥሪት ባለቤትነት ቢደርስም የተሸጠው ቤት በበቂ ስላልተተካ ጉድለቱ ለልጆቹ ተረፈ። በ1997 በእንግሊዝ የመካከለኛ ቤት ዋጋ ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ደመወዝ ጋር ይመጣጠን የነበረ ሲሆን፣ በ2021 ወደ ዘጠኝ ዓመት ደመወዝ ተጠጋ። ሀብታም የከተማ ሰዎች ለዕረፍት የሚሆን ሁለተኛ ቤት በሚሸምቱባቸው የባሕር ዳርቻዎች ችግሩ ይበልጥ ይከፋል። በኮርንዎል የምትገኘው የሴንት አይቭስ ከተማ ነዋሪዎች በ2016 ባደረጉት ሕዝበ ውሳኔ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ እንዲሆን የሚያዝዘውን ፕላን ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ አጸደቁ፤ ቀድሞ የተሠሩትን ቤቶች ግን ደንቡ አይመለከታቸውም።