ጣሪያውን ለወጥን፣ ወለሉን ረሳን

የሀዲያና የከምባታ ሳር ቤት እርጥበትን የሚመክተው በሾጣጣ ክዳኑና በመሐል ምድጃው ነበር። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ቢጎዳም ሳሩንና ማገሩን ያደርቅ ነበር።

ቆርቆሮ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ከባድ ዕቃ ማጓጓዝ ቀለለ፤ ቆርቆሮውም ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ወረደ። ዛሬ ሆሳዕና የቆርቆሮ ከተማ ናት። ምድጃው ወደ ማድ ቤት ወጣ፤ ደግ ተደረገ። የጭቃው ግድግዳ ግን እዚያው አፈር ላይ ቀረ። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው ከሥር ወደ ላይ ይሳባል፤ ቋሚው ይበሰብሳል፤ ልጆች እርጥብ ወለል ላይ ይተኛሉ።

የፒያሳ የቆዩ ቤቶች መልሱን ያሳያሉ፦ የድንጋይ መሠረት፣ ከመሬት ከፍ ያለ የጣውላ ወለል፣ ከሥሩ አየር። ጣውላው ቢወደድ እንኳ ድንጋይ፣ ጠጠርና የውሃ መውረጃ ቦይ አቅማችንን አያልፍም። ቤት ስንሠራ ገንዘባችንን ከቆርቆሮው በፊት ለመሠረቱ እናውጣ።