ቀይ እስክሪብቶ

የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ውሎዬ ከአኃዝ ጋር ነው። ለጥቂት ዓመታት ደግሞ አሮጌ ኮምፒዩተሬን ማታ ማታ «ሴቲ አት ሆም» ለተሰኘ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም አውሼው ነበር። ከሕዋ የተቀዳ የሬዲዮ ድምፅ በኢንተርኔት ይመጣለታል፤ እኔ ተኝቼ እሱ የባዕዳን ፍጡራንን ምልክት ይፈልጋል፤ መብራት ካልጠፋ ነው ታዲያ። ባልደረቦቼ «ስንት ይከፍሉሃል?» እያሉ ይሳለቁብኝ ነበር። በ1999 የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በ2020 ሥራ ማደሉን ሲያቆም (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንጀራዬ የተቋረጠ ያህል ቅር አለኝ። የጄሪ ኤማንን ታሪክ አጥብቄ የያዝኩት ያን ጊዜ ነው።

ኤማን በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ «ቢግ ኢር»፣ ማለትም ትልቁ ጆሮ፣ በተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይሠራ ነበር። በ1972 የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ሲቋረጥ ሥራውን አጣ። ቴሌስኮፑ በ1973 የባዕዳንን ምልክት ወደ ማድመጥ ሲዞር ግን፣ ኤማን ሌላ ቦታ እያስተማረ ያለ ክፍያ ያግዝ ጀመር። ኮምፒዩተሩ ያተመው ወረቀት ቤቱ ይመጣለታል፤ እሱም ዓምድ ዓምዱን በዓይኑ ይወርዳል።

ወረቀቱ ሃምሳ ዓምድ አለው፤ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ የሬዲዮ መስመር፣ እያንዳንዱ ረድፍ 12 ሰከንድ። ባዶ ቦታ ዝምታ ነው። አንድና ሁለት የተለመደው የሰማይ ጫጫታ ነው። ከዘጠኝ የበለጠ ኃይል፣ የግእዙ ፲ አሥርን በአንድ ምልክት እንደሚይዝ ሁሉ፣ በፊደል ይጻፋል፤ ኤ አሥር፣ ቢ አሥራ አንድ እያለ።

ከኦገስት 15 ቀን 1977 ምሽት መዝገብ ውስጥ፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ በአንድ ዓምድ ላይ ቁልቁል ስድስት ምልክቶች አገኘ፦ 6፣ ኢ፣ ኪው፣ ዩ፣ ጄ፣ 5። «ዩ» ማለት ከጫጫታው ሠላሳ እጥፍ ነው። ስድስቱ ረድፎች 72 ሰከንድ ይሆናሉ፤ የምድር ዙረት አንድን የሰማይ ነጥብ በቴሌስኮፑ ፊት የሚያሳልፍበትም ጊዜ ይኸው ነው። ሞገዱ ደግሞ ኮኮኒና ሞሪሰን የተባሉ ሊቃውንት በ1959 «ሩቅ ያሉ ፍጡራን ቢጠሩን በዚህ ይሆናል» ብለው ከገመቱት፣ ከሃይድሮጂኑ 1420 ሜጋኸርዝ አጠገብ ነበር። ኤማን በቀይ እስክሪብቶ ከበበውና በኅዳጉ ላይ «ዋው!» ብሎ ጻፈ፤ እኛ «ወይ ጉድ!» እንደምንለው።

ከዚያስ? ቴሌስኮፑ ሰማዩን የሚቀበልበት ሁለት አፍ ነበረው፤ አንዱ የሰማውን ሌላው በደቂቃዎች ልዩነት ሊሰማ ሲገባው አልሰማም። (እኛ ጋ ዴቢቱ ተገኝቶ ክሬዲቱ ከጠፋ መዝገብ አይዘጋም።) የዐውደ ነገሥት ሊቃውንት «ቀውስ» በሚሉት ኮከብ አቅጣጫ በተደጋጋሚ ተደመጠ፤ ምልክቱ ግን አልተመለሰም። በ2024 ተመራማሪዎች በድንገት የደመቀ ቀዝቃዛ የሃይድሮጂን ደመና ሊሆን ይችላል አሉ። እኔን የማረከኝ ሌላ ነው፤ «ዋው» ብሎ የጻፈው ያ እጅ «አገኘኋቸው» ብሎ አልጻፈም።

ትልቁ ጆሮ በ1998 ፈረሰ፤ ቦታው ለጎልፍ መጫወቻ ዋለ። ወረቀቱ ግን ከነቀይ ቀለሙ በኦሃዮ ተቀምጧል።