ርቀት፣ ግድግዳና በር፦ የእሳት ጥንቃቄ ታሪክ በጂዛን

በሳዑዲ ዓረቢያ የቀይ ባሕር ዳር ከጂዛን ከተማ እስከ አቡ አሪሽና ሳምጣ በተዘረጋው የቲሃማ ሜዳ፣ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው ከእንጨት ተዋቅሮ፣ በሣር ተከድኖና በገመድ ተጠፍሮ በሚሠራ ክብ ጎጆ ነበር፤ ቅርጹም ከኢትዮጵያ ደጋ ጎጆ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። እንዲህ ያለውን ቤት አንዲት ፍንጣሪ ልታወድመው ስለምትችል፣ ሚፋ የተባለው የሸክላ ምድጃ ከመኝታው ጎጆ ውጭ ይተከል ነበር፤ ግድግዳው ከውስጥ የሚመረግበት ጭቃም ነበልባሉን ለጥቂት ጊዜ ያዘገያል። በኢትዮጵያ ማድ ቤቱን ከዋናው ቤት ራቅ አድርጎ መሥራትም ከዚሁ ጥንቃቄ የመጣ ብልሃት ነው። የዛሬው የኢንዱስትሪ ሕንፃ ንድፍ የሚመራባቸው ሁለቱ መሠረታዊ ሐሳቦች፣ ማለትም እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዘል የሚተው ርቀትና የማይነድ አካፋይ ግድግዳ፣ ያለ መሐንዲስ አስቀድመው ይታወቁ ነበር።

በሳዑዲ ዓረቢያ የመጀመሪያው የእሳት አጥፊ ቡድን በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በመካ ተቋቋመ፤ ዛሬ ሥራውን የያዘው በአገሩ ስም ዲፋዕ መደኒ የሚባለው የሲቪል መከላከያ ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕንፃ ኮድ የወጣው ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በፊት በጂዛን ክልል በቤይሽ አካባቢ የኢኮኖሚ ከተማ እንደሚገነባ ታውጆ ነበር። በዚያ የተሠራው ማጣሪያ በቀን 400,000 በርሜል ነዳጅ የማጣራት አቅም አለው። በእንዲህ ያለ ተቋም ታንከሮቹ ተራርቀው ይቆማሉ፤ በዙሪያቸውም አንዱ ቢፈነዳ የሚፈሰውን ነዳጅ አቁሮ የሚይዝ ግንብ ይሠራል።

ሦስተኛው ሐሳብ፣ በር፣ የሰው ጉዳይ ነው። ታኅሣሥ 24 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ንጋት ላይ በጂዛን አጠቃላይ ሆስፒታል በተነሳው እሳት ቢያንስ 24 ሰዎች ሞተው ከ100 በላይ ሲጎዱ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫዎች ተቆልፈው እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። መፍትሔው ግን ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነበር፤ በ1883 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሰንደርላንድ፣ በአንድ አዳራሽ ጠባብ በር 183 ሕፃናት ተረጋግጠው ከሞቱ በኋላ፣ በ1892 እ.ኤ.አ. የመግፊያ ብረት የፈጠራ መብት ተሰጥቶበታል። ብረቱ በወገብ ከፍታ በሩን አቋርጦ ይተኛል፤ በእጅም ሆነ በትከሻ ሲገፋ መቀርቀሪያው ይለቅቃል፤ ጢስ ያፈነው ሰው በጨለማ ቁልፍ መፈለግ የለበትም።

በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. የደረሱት ሁለት ቃጠሎዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ልብ ይሰብራሉ። በወሩ 25ኛ ቀን በጂዛን የነዳጅ ማከፋፈያ ላይ ከየመን በተፈጸመ ጥቃት አንድ ታንከር ተቃጠለ፤ የተጎዳ ሰው እንደሌለ የሳዑዲ ባለሥልጣናት አስታወቁ። ከዚያ 18 ቀን ቀደም ብሎ ግን በየመን ዋና ከተማ በሰንዓ፣ ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የተነሱ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞች በታጎሩበት ሐንጋር እሳት ተነስቶ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ሐንጋር ለዕቃ ማከማቻ የሚሠራ፣ ሰፊ ጣሪያና ጥቂት በር ያለው አንድ ወጥ ክፍል ነው፤ በስፖንጅ ፍራሽና ከ350 በላይ በሚሆኑ ሰዎች ሲሞላ ግን፣ ስፖንጅ ሲነድ በደቂቃዎች ውስጥ መርዛማ ጢስ ስለሚያወጣ፣ ለሰው ማደሪያነት ፈጽሞ አይበቃም። ጥበቃዎች ወደ ውስጥ የተኮሱት ነገር እሳቱን እንዳስነሳ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተረፉትን አነጋግሮ ዘግቧል።

ይኸው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በጂዛን ክልል፣ ዳይርን ጨምሮ፣ ኢትዮጵያውያን የተያዙባቸው ማቆያዎች እጅግ የተጨናነቁ መሆናቸውን ጽፎ ነበር። መጨናነቅ በእሳት ጥንቃቄ ስሌት ውስጥ ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ በር በአንድ ደቂቃ የሚያልፈው ሰው ቁጥር በበሩ ስፋት ይወሰናል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሰው፣ በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ፣ ጢሱ እስኪደርስበት ተራ ይጠብቃል።