ዘርና ልጓም

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት በአገራችን ሰው አንደበት የተለመደ ነው። ሲተረጉሙትም አንድም ሰው በፍርድም ሆነ በጠብ ወደ ዘመዱ ያደላል ይሉታል፤ አንድም ልጅ ቢያስተምሩትና ቢገሥጹት ወደ ወለዱት ሰዎች ጠባይ መሳቡ አይቀርም ይሉታል። የዛሬው ነገራችን በሁለተኛው ትርጓሜ ላይ ነው። የሰው ጠባይ ከወዴት ይመጣል? ከአባትና ከእናት ደም ነውን? ከሚኖርበት ምድር ነውን? ወይስ ከሚያሳድጉት ሰዎች ልማድና ትምህርት? ይህ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም፤ በዚህ ተረት ምክንያት ጋብቻ የተከለከለ፥ ሹመት የቀረበት፥ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ የተቈጠረ ሰው ብዙ ነውና። ስለዚህ ነገሩን በላስታ ምድርና በላስታ ታሪክ ልንመረምረው ወደድን። ዓ.ም. ካላልን በቀር የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከላሊበላ ወደ ሰሜን በሰቆጣ አቅጣጫ ሲሄዱ ብልባላ ይገኛል። በዚያ ከአለት የተፈለፈሉ የቅዱስ ጊዮርጊስና የቅዱስ ቂርቆስ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ትውፊቱም ሥራቸውን ወደ ዐፄ ካሌብ ዘመን ያደርሰዋል። በብልባላ ጊዮርጊስ ግድግዳ ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ማራቸውንም ሕዝቡ ለፈውስ ይሻዋል። የታላቁም ንጉሥ ስም ከንብ የመጣ ነው። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦች ንግሥናውን ዐወቁለት ስትል ላሊበላ አለችው ተብሎ ይነገራል። ይህን የሰማ ብዙ ሰው፥ የሰው ጠባይና ዕድል ከመወለዱ ጋራ ዐብሮት ይወለዳል ብሎ ይደመድማል።

ንቧ ራሷ ግን ሌላ ነገር ታስተምራለች። የቀድሞ ሰዎች የንብ አውራ ንጉሥ ነው ይሉ ነበር፤ በኋላ ግን ሴት እንደ ሆነች፥ የቀፎውም እናት እርስዋ እንደ ሆነች ታወቀ። ይህች አውራና ሠራተኛይቱ ንብ ከአንድ ዐይነት እንቍላል ይፈለፈላሉ። በመጀመሪያው ሦስት ቀን ያህል ሁለቱም፥ ሞግዚት የሆኑት ንቦች ከራሳቸው ዕጢ የሚያፈልቁትን ነጭ ምግብ ይመገባሉ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛ የምትሆነው ወደ ማርና ወደ አበባ ብናኝ ትዛወራለች፤ አውራ የምትሆነው ግን እስከ መጨረሻው በዚያው በነጩ ምግብ ታድጋለች። ስለዚህም አንዲቱ በ16 ቀን አውራ ሆና ትወጣና ዓመታትን ትኖራለች፤ ሌላይቱ በ21 ቀን ሠራተኛ ሆና ትወጣና በሥራ ወራት ስድስት ሳምንት ያህል ደክማ ትሞታለች። በዘር አንድ ሲሆኑ አስተዳደግ ለያቸው።

ዳሩ ግን ሰው ንብ አይደለም፤ ዘር በሰው ላይ ምንም ሥራ የለውም ማለትም እውነትን መካድ ነው። ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኵሴ በብርኖ ገዳም አትክልት ስፍራ አተር እየዘራ፥ መልክ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ሥርዐት መርምሮ በ1866 አሳተመ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ነገሩን በመንትዮች መረመሩ። ከአንድ እንቍላል የተከፈሉ መንትዮች ዘራቸው አንድ ነው፤ ከሁለት እንቍላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም ወንድማማች ናቸው። የሁለቱን ወገን መመሳሰል በማነጻጸር፥ ከዘር የሚመጣውንና ከኑሮ የሚመጣውን መገመት ይቻላል። በ2015 የታተሙ፥ የብዙ ዓመት ጥናቶችን የሰበሰቡ ምርመራዎች እንደሚያሳዩት፥ በጠባይ ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ከመቶ 40 ያህሉ ከዘር ልዩነት ጋራ የተያያዘ ነው።

ይህ ቍጥር በጥንቃቄ ይነበብ። የአንድ ሰው ቍጣ ከመቶ 40 እጁ የአባቱ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ተነጻጽረው በመካከላቸው ስላለው ልዩነት የሚነገር ነው። ደግሞም ቍጡነትን ወይም ትዕግሥትን ብቻውን የሚያወርስ አንድ ዘረ መል አልተገኘም፤ እጅግ ብዙ የሆኑ፥ እያንዳንዳቸው ጥቂት የሚሠሩ ዘረ መሎች በአንድነት ያዘነብላሉ እንጂ። ማዘንበል ደግሞ መውደቅ አይደለም።

ምድርም ሥጋን ይሠራል፤ ነገር ግን በረዥም ዘመን ነው። የሰው ልጅ በአገራችን ምድር የኖረበት ዘመን ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ፥ በአፋር በሄርቶ የተገኘው የራስ ቅል ይመሰክራል፤ ዕድሜው 160,000 ዓመት ያህል መሆኑ በ2003 ታትሟል። ላሊበላ በ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ደጋ አየሩ ስስ ነው። በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩትን ዐማሮች ሲመረምር፥ በደማቸው ውስጥ አየር የሚሸከመው ቀይ ነገር መጠኑ በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ጋራ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን በዚህ መጠን እጅግ ይበልጣሉ። ከፍታው አንድ ሲሆን የሁለቱ ሕዝብ ሥጋ በልዩ ልዩ መንገድ ተላመደው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ልማድ ይቀድምና ሥጋ ይከተለዋል። ሰው በተፈጥሮው ጡት ከጣለ በኋላ ወተት የመፍጨት ኀይሉ ይደክማል። ከብት ማርባት በጀመሩ ሕዝቦች መካከል ግን፥ ይህን ኀይል እስከ ሽምግልና የሚያቈይ ዘረ መል በዝቶ ተገኝቷል፤ በአውሮፓ የተነሣው አንድ፥ በምሥራቅ አፍሪካ የተነሡት ሌሎች መሆናቸው በ2007 ታውቋል። ላሚቱን ያሰረው ሰው ሳያውቀው የልጅ ልጆቹን ሥጋ ለወጠ። እንግዲህ ዘር ልጓምን ብቻ አይስብም፤ ልጓምም ዘርን ይስባል።

ከሥጋ ወደ ጠባይና ወደ ሥርዐት ስንመለስ የላስታ ታሪክ ግልጥ ምስክር ነው። የዛጔ ነገሥታት ወገናቸው አገው ነበር። ዛሬ በላስታ የሚነገረው ዐማርኛ ሲሆን፥ በሰሜን በዋግ ግን የአገው ቋንቋ የሆነው ኽምጣኛ እስከ ዛሬ ይነገራል። የላስታ ሰው አያቶቹ ሁሉ ከምድሪቱ ጠፍተው በሌላ ሕዝብ አልተተኩም፤ ልጆች ከጎረቤት፥ ከገበያና ከቤተ ክህነት የሰሙትን አፍ እየተናገሩ አደጉ እንጂ። የሰው አነጋገሩ፥ ቀልዱ፥ ይሉኝታውና የክብር አስተሳሰቡ በቋንቋ ውስጥ የሚኖር ነውና፥ ከጠባዩ ምን ያህሉ ደሙ ሳይለወጥ እንደ ተለወጠ ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

የነገሥታቱም ቤት ይህንኑ ያስተምራል። በትረካው እንደሚነገረው ላሊበላ በወንድሙ በሐርቤ ዘመነ መንግሥት መከራ ተቀበለ፤ በኋላ ግን ያው ሐርቤ ዙፋኑን ለቀቀለት። ያሳደደውና የተሰደደው ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ ያሳደደውም ሰው ራሱ በዚያው ደሙ ሳለ ልቡ ተመለሰ። በ1270 መንግሥት ወደ ይኵኖ አምላክ ባለፈ ጊዜ፥ የዛጔ ነገሥታት የሰሎሞን ዘር አይደሉም የሚለው ቃል ታላቅ ክርክር ሆኖ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ይምርሐነ ክርስቶስን፥ ላሊበላንና ነአኵቶ ለአብን ከቅዱሳን ቈጠረች። ዙፋኑ በዘር ተከራከረ፤ ቅድስናው ግን በሥራ ተመዘነ።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር ደረስን። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ቆዳ የሚፍቀው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ሸማ የሚሠራው ሰው በሥራው ሲሰደብ ኖሯል። ስድቡም በሥራው ብቻ አልቀረም፤ ቡዳ ነው፥ ክፋቱም ከአባቱ ወደ ልጁ በደም ይወርዳል ተባለበት። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጁ፤ ልማዱ ግን ከዐዋጁ በኋላም ቈየ። ስድቡ በላስታ ሲሰማ ነውርነቱ ይብሳል። አለቱን ለመፈልፈል መሮና መዶሻ ያስፈልጋል፤ መሮም ያለ ቀጥቃጭ አይገኝም። በእጅ ሥራ ፊት እየሰገድን ባለ እጁን የምንሰድብ ከሆነ፥ ነገራችን እርስ በርሱ ይጣላል።

ይህ የዘር ክስ በምርመራ ተፈትኗል። ከላስታ እጅግ ርቆ በደቡብ ኦሞ የሚኖረው የአሪ ሕዝብ ገበሬዎችና ቀጥቃጮች በሚባሉ ወገኖች ተከፍሎ ኖሯል፤ ቀጥቃጮቹም የተናቁ ስለ ሆኑ ገበሬዎቹ ከእነርሱ ጋራ አይጋቡም ነበር። በዘረ መላቸው ልዩነት ስለ ታየ፥ ሁለቱ ከተለያየ ሕዝብ የመጡ ናቸው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በ2015 የታተመ ጥናት ግን ሁለቱም ከአንድ ግንድ እንደ ወጡ፥ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ እንደ ሆነ፥ ልዩነቱንም ያመጣው የተገፉት ወገኖች በጥቂት ሰዎች መካከል ብቻ ሲጋቡ መኖራቸው እንደ ሆነ አሳየ። አስተውል፤ ዘሩ ስለ ተለየ አልተናቁም፤ ስለ ተናቁ ዘራቸው የተለየ መሰለ። የሰው ንቀት በደም ላይ ምልክቱን ጻፈ፤ በኋላም ያንኑ ምልክት ለንቀቱ ማስረጃ ልናደርገው ቃጣን።

ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት መቍጠር መልካም ሥርዐት ነው፤ የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ይጠብቃልና የሥጋም ዕውቀት ይደግፈዋል። ነገር ግን ያው ቈጠራ ዘመድን ለመለየት መሆኑ ቀርቶ፥ የሰባተኛውን አያት መዶሻ ወይም ሸክላ ለመፈለግ የሆነ እንደ ሆነ ሥርዐቱ ወደ በደል ተለወጠ። እንዲህ ያለውን ቈጠራ ማስተው በመጀመሪያ የካህናትና የሽማግሎች ዕዳ ነው፤ ሕዝቡ ዘር የሚያስቈጥረው በእነርሱ ፊት ነውና።

በቅኔ ቤት ያለውንም እንመልከት። አንዱ ተማሪ ፈጥኖ ይቀኛል፤ ሌላው ይዘገያል፤ ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፥ አንክደውም። ነገር ግን የመሪጌታ ልጅ ስለ ሆነ ብቻ ግስ ሳያወርድ፥ ከጉባኤ ቃና ሳይጀምር መወድስ የሞላ የለም፤ የድኻ ልጅም በቆሎ ተማሪነት ኖሮ መምህር ሆኖ ወንበር ሲዘረጋ እናያለን። ዘር ፈረሱን ሰጠን፤ ምድርና ዘመን ኰቴውን አጠነከሩ፤ የሚሄድበትን መንገድ ግን ልጓም የያዘው ሰው ያሳየዋል። እንግዲህ አባት ሆይ፥ ልጅህ ባጠፋ ጊዜ «ዘሩ ነው» ብለህ ከመተውህ በፊት ልጓሙን ማን እንደ ያዘው ጠይቅ፤ የጎረቤትህንም ልጅ «ዘሩ ነው» ብለህ ከመግፋትህ በፊት፥ የምትዘጋው በር ነገ በልጅ ልጆቹ ደም ላይ እንደሚጻፍ ዕወቅ።