በራስ ገንዘብ የተገዛ መድፍ፦ የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች የባሕር መከላከያ ኃይል አጀማመር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አውስትራሊያ ገና አንድ ሀገር አልነበረችም። ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቪክቶሪያ፣ ኩዊንስላንድ፣ ሳውዝ አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያና ዌስተርን አውስትራሊያ በብሪታኒያ ዘውድ ሥር ያሉ የተለያዩ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። በየባሕር ዳርቻው የከተሙት ሰፋሪዎች ሱፋቸውንና ወርቃቸውን ወደ ለንደን የሚልኩት በመርከብ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ዕቃም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። ወደቡ ከተዘጋ ገበያው ይዘጋል። ጠባቂያቸው የብሪታኒያ ባሕር ኃይል ቢሆንም መርከቦቹ ጥቂት፣ የሚጠብቁት ባሕር ደግሞ እጅግ ሰፊ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስጋቱን ያባባሰው በ1853 የተጀመረው የክራይሚያ ጦርነት ነው። ቪክቶሪያ በ1851 ወርቅ ከተገኘባት ወዲህ በድንገት የበለጸገች በመሆኗ፣ የሩሲያ መርከቦች መጥተው ሜልቦርንን ይዘርፋሉ የሚል ወሬ በሰፊው ይናፈስ ነበር። የቅኝ ግዛቷ መንግሥትም በእንግሊዝ ሀገር አንዲት የጦር መርከብ አሠራ። «ቪክቶሪያ» የተባለችው ይህች በእንፋሎትም በሸራም የምትጓዝ መርከብ በ1855 ባሕር ላይ ወርዳ በተከታዩ ዓመት ሜልቦርን ስትደርስ ጦርነቱ አብቅቶ ነበር።

የተፈራው ጠላት ባለመምጣቱ መርከቧ ሌላ ሥራ ተገኘላት። በ1861 በአህጉሩ መሐል የጠፉትን አሳሾች፣ በርክንና ዊልስን፣ ለመፈለግ ወደ ሰሜን ባሕረ ሰላጤ ተላከች። በ1864 ደግሞ ከእንግሊዝ በበረዶ ተጠብቆ የመጣውን የሳልመንና የትራውት ዓሣ ዕንቁላል ከሜልቦርን ወደ ታዝማኒያ አደረሰች፤ የአካባቢው የትራውት ዓሣ ዘር የጀመረው ከዚያ ነው። ለጦርነት ከተሠራች መርከብ የተገኘ ዘላቂ ጥቅም ቢቆጠር ይህ ከፊተኞቹ መካከል ሊመደብ ይችላል።

ሆኖም ውጊያም ገጥሟታል። በ1860 በኒውዚላንድ ታራናኪ አውራጃ በሰፋሪዎቹና በማኦሪ ሕዝብ መካከል ጦርነት ሲነሣ መርከቧ ወታደር እንድታመላልስና የባሕር ዳርቻውን እንድትጠብቅ ተላከች። የጸቡ መነሻ መሬት ነበር። አንድ የማኦሪ ሹም በዋይታራ ያለውን መሬት ለመንግሥት ሲሸጥ፣ የበላይ የሆነው ዊረሙ ኪንጊ «ያለ ሕዝቡ ፈቃድ አይሸጥም» ብሎ ተቃወመ። ወደብ ለመከላከል የተገዛች መርከብ በዚህ መልኩ በሌላ ሀገር የርስት ክርክር ውስጥ ገባች። ነገሩ የሕግ ጥያቄም አስነሣ። አንድ ቅኝ ግዛት የጦር መርከብ እንዲኖረው፣ ከግዛቱ ውኃ ውጭም ባሕረኞቹን በጦር ሕግ እንዲያስተዳድር የሚፈቅድ ግልጽ ድንጋጌ አልነበረም።

የለንደን ፓርላማ ምላሽ የሰጠው በ1865 ባወጣው የቅኝ ግዛቶች ባሕር መከላከያ አዋጅ ነው። አዋጁ ቅኝ ግዛቶች በራሳቸው ወጪ መርከብ እንዲገዙና ሰው እንዲቀጥሩ ፈቀደ። ይሁን እንጂ ከግዛታቸው ውኃ አልፎ የማዘዙ ሥልጣን ከለንደን እጅ አልወጣም። ወጪው የአንዱ፣ ትእዛዙ የሌላው ሆነ፤ የኋለኛው ውዝግብ ሁሉ ሥሩ ይኸው ነው።

ከአዋጁ በኋላ ከመጡት መርከቦች ስመ ጥሩዋ የቪክቶሪያዋ «ሰርበረስ» ናት። በብረት የተለበጠች፣ በሁለት ተሽከርካሪ ማማ አራት ከባድ መድፎች የያዘች ነበረች። ቅርጿ ለወደብ ጥበቃ እንጂ ለውቅያኖስ ጉዞ ባለመሆኑ፣ ለመንገዷ ብቻ ጎኗ ከፍ ተደርጎ የሸራ ምሰሶ ተተከለላት። በ1870 መጨረሻ ከእንግሊዝ ተነሥታ፣ አዲስ በተከፈተው በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር በኩል አልፋ በሚያዝያ 1871 ሜልቦርን ገባች።

ሳውዝ አውስትራሊያ በ1884 «ፕሮቴክተር»ን ስታስመጣ፣ ኩዊንስላንድ «ጋዩንዳ» እና «ፓሉማ» የተባሉ ሁለት አነስተኛ የመድፍ ጀልባዎችን ገዛች። ስሞቹ ከሀገሬው ነባር ሕዝብ ቋንቋ የተወሰዱ ሲሆኑ መብረቅና ነጎድጓድ ማለት እንደሆኑ ይነገራል። ጀርመን በ1884 የኒው ጊኒን ሰሜን ምሥራቅ መያዟ የኩዊንስላንድን ሰዎች አስግቷቸው ነበር።

የወጪና የትእዛዝ ጥያቄ አደባባይ የወጣው በዚችው በጋዩንዳ ላይ ነው። በ1888 አዛዧ ካፒቴን ሄንሪ ታውንሊ ራይት ከኩዊንስላንድ መንግሥት ጋር ተጋጨና ሥልጣኑን ለምክትሉ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ካፒቴኑ ግን መርከቧ የብሪታኒያን ባሕር ኃይል ሰንደቅ ስለምታውለበልብ የሚታዘዘው ለብሪታኒያ አድሚራል እንጂ ለቅኝ ግዛቱ ሚኒስትሮች እንዳልሆነ ገልጾ እምቢ አለ፤ ምክትሉንም በቁጥጥር ሥር አዋለ። የታጠቁ ፖሊሶች በብሪዝበን ወንዝ ዳርቻ ተሰለፉ። ካፒቴኑ ምክር ቤቱን በመድፍ ለመምታት የሚያመቸው አቅጣጫ የትኛው እንደሆነ የመድፍ ተኳሹን ጠይቋል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። በመጨረሻ ያለ ተኩስ ለቆ ወጣ። ግብር የከፈለበት ሕዝብ ግን የገዛ መድፉ ወደ ገዛ ምክር ቤቱ ሊዞር እንደሚችል አየ።

በ1887 በተደረገው ስምምነት የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶችና ኒውዚላንድ በዓመት 126,000 ፓውንድ እንዲያዋጡ፣ ብሪታኒያም በምላሹ ተጨማሪ የጦር መርከቦችን በአካባቢው እንድታቆም ተወስኖ ነበር። መርከቦቹ ያለ ቅኝ ግዛቶቹ ስምምነት ከአካባቢው አይርቁም፤ የሚያዛቸው ግን የብሪታኒያ አድሚራል ነው። የኩዊንስላንድ ምክር ቤት ይህን መዋጮ መጀመሪያ ላይ አልተቀበለውም።

መዋጮውን አጥብቀው ከነቀፉት አንዱ ዊልያም ክሬስዌል ነው። ይህ ሰው የብሪታኒያን ባሕር ኃይል ትቶ ወደ አውስትራሊያ የሄደው ለከብት እርባታ ነበር። በ1885 በፕሮቴክተር ላይ ተቀጥሮ ወደ ባሕር ተመለሰ፤ በ1900ም መርከቧን እየመራ በቦክሰሮች ዐመፅ ወቅት ቻይና ድረስ ተጓዘ። አውስትራሊያ የራሷን ባሕረኞች በራሷ መርከብ ታሠልጥን የሚለውን ሐሳብ ለዓመታት ሲሟገትለት ኖረ።

ቅኝ ግዛቶቹ በጥር 1901 በአንድ ፌዴሬሽን ሲዋሐዱ አሮጌ መርከቦቻቸው በመጋቢት ወር ለማዕከላዊው መንግሥት ተላለፉ። ባሕር ኃይሉ በ1911 «ንጉሣዊ የአውስትራሊያ ባሕር ኃይል» የሚለውን ስም አገኘ፤ አዲሱም የመርከብ ጓድ በጥቅምት 1913 ሲድኒ ወደብ ገባ።

የድሮዎቹ መርከቦች መጨረሻ ተመሳሳይ ነው። ጋዩንዳ ተሸጣ በብሪዝበን ወንዝ ላይ ጠጠር ስታመላልስ ከቆየች በኋላ በ1958 በዉዲ ፖይንት ዳርቻ የማዕበል መከላከያ እንድትሆን ተደረገ። የፕሮቴክተርም ቀፎ በሄሮን ደሴት ለዚሁ አገልግሎት ውሏል። ሰርበረስ በ1926 ከሜልቦርን ደቡብ በሚገኘው ሃፍ ሙን ቤይ እንድትሰጥም ተደርጋ ዛሬም ከባሕሩ ዳርቻ ትታያለች። ቀፎዋ ዝጎ በመደርመሱ ክብደቷን ለመቀነስ ከባድ መድፎቿ ወርደው አጠገቧ በባሕሩ ወለል ላይ ተቀምጠዋል።